ሁለት ድንኳን ለአንዲት እናት

አንድ ሰው ነበረ፤ ገበሬ። ከእህትህ ጋር ተጣልተህ «ለዕርቅ ማን ቀድሞ ይምጣ?» ብለህ የጠየቅኸኝን አልዘለልኩትም፤ ታገሥና ስማኝ።

የዚህ ገበሬ እህት ከተማ ገብታ ሁለት ልጆች አሳደገች፤ ወንድና ሴት። ልጆቹ ግን «እናታችን እኔ ዘንድ ትኑር» በሚል ተጣልተው፣ በአንድ ከተማ እየኖሩ አራት ዓመት ሰላምታ አልነበራቸውም። እናትየው ሴት ልጇ ቤት ሳለች ሞተች። ከቀብር መልስ ሴቲቱ በሰፈሯ ድንኳን አስተከለች፤ ወንድየውም በሰፈሩ ድንኳን አስተከለ። የሁለቱም እድር ወንበር ደረደረ፣ በሁለቱም ቤት ንፍሮ ተቀቀለ። ለአንዲት እናት ሁለት ለቅሶ! ሬሳዋን መካፈል ቢቻል ኖሮ አይተዉም ነበር።

ገበሬው መርዶ ሰምቶ በማግስቱ በአውቶቡስ ደረሰ። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ሰዎች ጠበቁት፤ አንዱን ወንድየው ልኮታል፣ ሌላዋን ሴቲቱ ልካታለች። ሁለቱም «ለቅሶው በዚህ በኩል ነው» አሉት።

«የሞተችብኝ አንዲት እህት ናት» አለ። «ሁለት ለቅሶ አልደርስም።»

ከመናኸሪያው ፊት መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። እዚያ ጠርዝ ላይ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀመጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ። ከተሜው እያለፈ ጭኑ ላይ ሳንቲም ጣለለት፤ ለማኝ መስሎት። ትራፊክ ፖሊስ መጥቶ «አባት፣ እዚህ መቀመጥ አይቻልም» አለው።

«እህቴ ሞታብኝ ነው፣ ልጄ። አልቅሼ ሳይወጣልኝ አልነሳም።»

ፖሊሱ ትቶት ሄደ። በቆሎ ጠብሳ የምትሸጥ አንዲት ሴት ግን ሰው ብቻውን ሲያለቅስ አይቶ ማለፍ ነውር ሆነባትና ከሰሏን ትታ አጠገቡ ተቀመጠች። ሌላም መጣ፣ ሌላም። ወሬው ሁለቱም ድንኳን ገባ። ሴቲቱም ወንድየውም መጥተው በግራና በቀኙ ተቀመጡ። ገበሬው አልመከረም፣ አልተቆጣም። «አልቅሱላት» ብቻ አላቸው።

ሴቲቱ አንገቷን ደፍታ ወንድሟን «ስምህን እየጠራች ነው የሞተችው፤ እልህ ይዞኝ አላስጠራሁህም» አለችው። እሱም «ብታስጠሪኝም አልመጣም ነበር» አለና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። በዚያው ዕለት አንደኛው ድንኳን ፈረሰ። የማንኛቸው እንደሆነ ብዙ ሰው ጠይቄያለሁ፤ የሚያስታውስ አላገኘሁም።

እንግዲህ አንተና እህትህም ዛሬ ሁለት ድንኳን ናችሁ። መንታ መንገዱ ላይ ተቀምጣ የምታለቅሰው እናትህ ናት፤ አላፊ አግዳሚው የሚያዝንላት፣ ልጆቿ የማያዩዋት። እነዚያ የተገናኙት እናታቸውን ቀብረው ነው። ያንተ እናት በሕይወት አለች። በል ተነስ፣ ጫማህን አድርግ። እህትህ ቀድማህ ተነስታ ከሆነም መንገድ ላይ ትገናኛላችሁ።