ምሰሶውን ያቀፈው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ የገዛ ቤቱን የሚፈራ።

ሳትስቂ ስሚኝ፣ ልጄ። የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «የማኅበራችሁ ሴቶች ደጄን ከረገጡ ቫይረሱ እንዳለብኝ ሰፈሩ ያውቃል፤ ታዲያ ብቻዬን ብታመም፣ ብቻዬንም ብሞት አይሻለኝም ወይ?» ነው ያልሽኝ። እኔም «በሽታውን የደበቀ…» እያልኩ በተረት አላደርቅሽም፤ እሱን ከእኔ በፊት ብዙ ሰው ነግሮሻል፣ አልጠቀመሽም። ስለዚህ የዚያን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ሰውየው ገበሬ ነው። ባለጸጋ ባይባልም የሰው እጅ የማያይ፣ ሚስትና አንዲት ትንሽ ልጅ ያሉት፣ በአገሩ የተከበረ ሰው ነበር። ቤቱ አባቱ የሠራው ሰፊ የሳር ቤት ነው። መካከሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ ቆሟል፤ ወራጁም ማገሩም ክዳኑም ጭነቱን የሚጥለው በእሱ ላይ ነው።

አንድ ቀን ከእርሻ ገብቶ ጅራፉን ሊሰቅል ሲል ምሰሶው ላይ የተመታው ኩላብ የላላ መሰለውና ገፋ አደረገው። ኩላቡ ትኩስ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ጣት ሰተት ብሎ ገባ። ከቀዳዳው ዱቄት የመሰለ ነገር ፈሰሰ። ጆሮውን ምሰሶው ላይ ቢያስጠጋ ከውስጥ ይንኮሻኮሻል። ምስጥ ነው። ሰውየው እጁን ከእንጨቱ አንስቶ መጀመሪያ ዞሮ ያየው ምን መሰለሽ? በሩን ነው፤ ሰው አይቶኝ ይሆን ብሎ።

ለምን እንደፈራ ልንገርሽ። በዚያ አገር ምስጥ እንዲያው አይመጣም ይላሉ። በሐሰት የማለ፣ የድሃ መሬት የገፋ፣ የሙት አደራ የበላ ሰው ቤት ነው የሚገባው ይላሉ። እሱ በሐሰት አልማለም፣ መሬትም አልገፋም። ግን ልጅ ሳለ ከወንዝ ማዶ የነበረችውን አንዲት መበለት ያስታውሳል። ቤቷን ምስጥ ገባው ተባለ። መጀመሪያ ከቤቷ እሳት መጫር ተዉ። ቀጥለው ምንጭ ላይ እንስራቸውን ከእንስራዋ ጎን ማስቀመጥ ተዉ። ልጆች በደጇ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ይዘው ይሮጡ ነበር፤ እሱም አብሯቸው ሮጧል። በመጨረሻ ጣሪያው ወደቀባት፤ ሲወድቅ እንኳ የሰማ የለም። ያገኛት የጠፋ በሬ ሊፈልግ የሄደ ሰው ነው።

እንግዲህ ያንን ያየ ሰው ቢፈራ ትፈርጂበታለሽ? እኔ አልፈርድበትም። ፍርሃቱን ከሜዳ አላመጣውም።

ያኔውኑ ጭቃ አቦካ። ጭድና እበት ቀላቀለበትና ምሰሶውን ከታች እስከ ላይ መረገው፤ ሲደርቅ ደግሞ በነጭ አፈር ለቀለቀው። ሚስቱ ከገበያ ስትመለስ «ኧረ ቤታችንን ሙሽራ አስመሰልከው» ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እሱም ሣቀላት። ያልገባው ነገር ምስጥ እርጥብ ጭቃ እንደሚወድ ነው። ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው እንጨት ላይ ምስጥ አይደላውም፤ ከላዩ ሲለብስለት ግን ተደላድሎ ይበላል። ሰውየው ምርጊቱ በተሰነጠቀ ቁጥር ሌላ ጭቃ ይጨምራል፤ ምስጡም እግዜር ይስጥልኝ እያለ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ኑሮው ሁሉ ምሰሶውን መጠበቅ ሆነ። ሚስቱ ቅል ልትሰቅልበት ስትል «ተይው» ይላታል። «ምንድን ነው የሚንኮሻኮሸው?» ስትለው «አይጥ ነው» ይላታል፤ ራት ሲበሉ ድምፁ እንዳይሰማ ጮክ ብሎ ያወራል። ልጅቱ ምሰሶውን በአንድ እጇ ይዛ መሽከርከር ትወድ ነበር። አንድ ቀን እንደ ልማዷ ስትዞር ጮኸባት፤ እንዲያ ጮሆባት አያውቅም። ልጅቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ እንኳ አካሄዷ ዳር ዳሩን ሆነ።

ሰው ሲመጣ ደጅ ላይ ይቀበላል፣ ደጅ ላይ ይሸኛል። የማኅበር ተራው ሲደርስ «ዘንድሮ እህሉ አልሰጠኝም» ብሎ አሳለፈ፤ በዓመቱም እንዲሁ አለ። ሰው ቋጣሪ አለው። በዚያ አገር ቋጣሪ መባል ቀላል ስድብ አይደለም፤ እሱ ግን ምስጥ የገባበት ከመባል ይሻለኛል ብሎ ስሙን ተከናንቦት ኖረ።

ለሚስቱ አልነገራትም። ስንት ጊዜ አፉ ላይ አድርሶ ዋጠው። ብነግራት ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷ ለእህቷ ትነግራለች እያለ። ሚስቱና ልጁ የሚተኙት ከዚያ ጣሪያ ሥር መሆኑን አላጣውም። ተኝተው ያያቸዋል፣ ቀና ብሎ ክዳኑን ያያል፤ ሲነጋ ግን ተመልሶ ጭቃ ያቦካል። ፍርሃት ሰውን ሥራ አያስፈታውም፤ የማይረባውን ሥራ ነው የሚያሠራው።

ክረምት ገባ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ሰውየው ተነስቶ ምሰሶውን ያቅፋል። ሚስቱ መጀመሪያ ሣቀች፤ ኋላ ፈራች። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ምንም» ይላታል። ምሰሶው ደረቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። ወይም የሚንቀጠቀጠው እሱ ራሱ ነው፤ መለየት አቅቶታል። ጸሎት ይሞክራል፤ ግን ምን ብሎ ይጸልይ? ጣሪያው እንዳይወድቅ ይለምንና ወዲያው ደግሞ ሰው እንዳያውቅብኝ ወደሚለው ይዞራል፤ አብዝቶ የሚለምነውም ሁለተኛውን ነው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። የሳር ክዳን ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ ታውቂያለሽ፤ በዚያ ላይ በረዶው ተከመረበት። ምሰሶው ከወገቡ ላይ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ምርጊቱ ተፈርፍሮ ወደቀ፤ ከሥሩ ነጭ ምስጥ ፈላ። ሰውየው ዘሎ ትከሻውን ለስንጥቁ ሰጠ። ጉልበቱ ታጠፈ፤ ግን ያዘው።

«ውጪ! ልጅቱን ይዘሽ ውጪ!» አላት ሚስቱን።

ልጅቱን አቅፋ በሩ ላይ ደረሰችና ዞር አለች። ምስጡን አየች፤ የሁለት ዓመቱን ነገር ሁሉ ባንድ ጊዜ ተረዳች። «ሰው ልጥራ» አለችው።

«እንዳትጠሪ!» አለ።

እስቲ አስቢው። ጣሪያው እየወረደበት፣ አጥንቱ እየተንቋቋ፣ ሰው እንዳትጠሪ ይላል። የጎረቤት ዓይን ከጣሪያው ይልቅ ከብዶት ነው። ሚስቱም በሩ ላይ እንደ ቆመች ቀረች፤ እሷም የዚያችን መበለት ነገር ሰምታ ነው ያደገችው።

በዚህ መሃል ልጅቱ ከእናቷ ክንድ ሾልካ ወረደች። ያቺ ዳር ዳሩን የምትሄድ ልጅ ቤቱን በመካከሉ አቋርጣ መጣችና ከአባቷ ጉልበት አጠገብ ምሰሶውን በሁለት እጇ አቀፈች። ትከሻዋንም አስጠጋች። «ይዤዋለሁ አባዬ» አለችው።

ሰውየው ቁልቁል አያት። ምስጥ በፀጉሯ ላይ ይሄዳል። ጣሪያው ቢወድቅ የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ሲቆልፈው የኖረው ጉሮሮ የተከፈተው። «የሰው ያለህ! የጎረቤት ያለህ!» ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት።

ሰዎቹ ሰፌድና ቁርበት ራሳቸው ላይ ደፍተው በበረዶው ውስጥ እየሮጡ መጡ። ሁሉም ግን አልገቡም፤ አልዋሽሽም። አንዱ በሩ ላይ ደርሶ ምስጡን ሲያይ አፍንጫውን በጋቢው ሸፈነና «እኔስ ጠርጥሬ ነበር» ብሎ ተመለሰ። ያ ሰው እስከ ዛሬ ያወራል። ሌሎቹ ገቡ። ከፊት የገባው አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነው። ምንም ሳይጠይቅ «ልጅቱን አውጧት» አለና በእሷ ቦታ ትከሻውን ሰጠ። «ባላ አምጡ። ከወገቡ በላይ ደግፉት፣ ከሥሩ እንዳትነኩት» እያለ ያዝዛል። ሁለት ሦስት ሰዎችም ሳይነገራቸው ቦታ ቦታቸውን ያዙ።

ሰውየው በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ገረመው። እነዚህ ሰዎች ይሄን ከየት ተማሩት? ለካ የእነሱንም ቤት ምስጥ ገብቶት ያውቃል። እርስ በርሳቸው ሲደጋገፉ ነው የኖሩት። እሱ በየደጃቸው አመድ ተነስንሶ ሲያይ ለጉንዳን ነው ብሎ ያልፍ ነበር።

ጣሪያውን በትከሻና በባላ ይዘው አሮጌውን ምሰሶ መዘዙት። ምሰሶ ብቻውን የሚቀይር ሰው የለም፣ ልጄ። ጉልበት ስለሚያንሰው አይደለም። ጣሪያውን የያዘ ሰው እንጨቱን መንቀል አይችልም፤ እንጨቱን የሚነቅልም ጣሪያውን መያዝ አይችልም። ወይራ ተቆርጦ መጣ፣ ተተከለ፣ ሥሩ በድንጋይና በአመድ ተጠቀጠቀ።

ሽማግሌው ሊሄድ ሲል ሰውየውን ለብቻው ጠራውና እንዲህ አለው፦ «ምስጡ ከመሬቱ አልወጣም፤ አይወጣምም። ጠዋት ጠዋት ከሥሩ አመድ ትነሰንሳለህ። አመዱ እስካለ ምሰሶውን አይደፍረውም፤ አንተም እዚሁ ታረጃለህ፣ ልጅህንም ከዚሁ ቤት ትድራለህ። ተሻለኝ ብለህ ከተውከው ግን እሱ አይተውህም። የደከመህ ቀን ላክብን፤ እኛ መጥተን እንነሰንሳለን።»

ሰውየው በማግሥቱም ፈርቶ ነበር። ምንጭ ላይ ሰው ሲያገኝ ዓይኑን ሰበረ፤ አንዳንዱም ሰላምታ ነፈገው። ነፋስ ሲመጣ ግን ምሰሶውን ለማቀፍ አልተነሳም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ምሰሶው ሰውነትሽ ነው። ምስጡ ደምሽ ውስጥ ያለው ቫይረስ ነው፤ በሐሰት የማለውንም ያልማለውንም ቤት ይገባል፣ ኃጢአት ቆጥሮ አይመጣም። አመዱ ክኒኑ ነው፤ ብልቃጡን ሰው እንዳያይብሽ ብለሽ መዋጥ የተውሽው። ምርጊቱን እኔ አልነግርሽም፤ ስታቦኪው የኖርሽው አንቺ ነሽ።

ትከሻ የሰጡት ደግሞ እነዚያ የማኅበራችን ሴቶች ናቸው። ከመካከላቸው ያንን ክኒን የማትውጥ የለችም፤ እኔም እውጣለሁ። ጣሪያ ከየት በኩል እንደሚያዝ የምናውቀው ለዚህ ነው። ጤና ጣቢያ አብረውሽ ይሄዳሉ። አቅም ስታጪ አጥሚት ያፈሉልሻል፣ ልብስሽን ያጥባሉ፣ የመድኃኒትሽን ሰዓት ያስታውሱሻል። እንደ ዘመድ ይምጡ ካልሽ እንደ ዘመድ ይመጣሉ፤ ያላንቺ ፈቃድ ምስጢርሽን ከአፋቸው የሚሰማ የለም። አፍንጫውን የሸፈነው ሰውዬስ? እሱም አለ። የለም ብዬ አልሸነግልሽም። አንድ ቀን ከሰማ ያወራል፤ ያን ቀን ታለቅሺ ይሆናል፣ እኛም አጠገብሽ እንቀመጣለን።

አንቺ ግን የጠየቅሽኝ ብቻዬን ብሆን አይሻለኝም ወይ ብለሽ ነው። ብቻሽን አይደለሽም እኮ። ቅድም በሩን የከፈተችልኝ ልጅሽ ናት። ማን እንደሆንኩ እንኳ ሳትጠይቅ «እማዬ ጨጓራዋን አሟት ተኝታለች፤ ሌላ ምንም አይደለም» አለችኝ። ስታወራ ዓይኗ መንገዱን ይቃኝ ነበር፣ ማን እንደሰማት ለማየት። ይሄንን ማንም አላስጠናት ይሆናል። ግን ገብታ ምሰሶውን ይዛልሻለች፣ ልጄ፤ ከያዘችም ቆይታለች። ሰው መጥራት ግን የእሷ ፋንታ አይደለም፤ ያንቺ ነው።