ከመደርደሪያው ሥር የተጻፈው

ጠዋት ጠዋት ጭጋግ የሚተኛበት አንድ ትልቅ ወንዝ ነበር። በዚህ ዳርም በዚያ ዳርም ሰው ይኖራል። የሁለቱ ዳር ሰዎች የሚጠጡት ውሃ አንድ ነው፤ የሚያጠምዱት ዓሣም አንድ ነው፤ ቋንቋቸው ግን ለየቅል ነው። ጭጋጉ ሲወርድ ወንዙ ይጠፋና ሁለቱ አገሮች አንድ ነጭ ሜዳ ይመስላሉ። ፀሐይ ስትበረታ ወንዙ ተመልሶ ይመጣል፤ ሰዎቹም ሁለት መሆናቸው ትዝ ይላቸዋል።

በዚህኛው ዳር ደምለው የሚባል አናጢ ይኖር ነበር። እጁ የተባረከ፣ አፉ ግን እንደ መጥረቢያ የሚፈልጥ ሰው ነው። በር ያሠራ ሁሉ በሩን እየወደደ ሠሪውን ይሸሽ ነበር። ደምለው ደጁ ላይ እንጨት ሲልግ ይውልና የወደቀውን ፍቅፋቂ ጠራርጎ ወንዙ ውስጥ ይጥለዋል። ይህን የሚያደርገው ደጁ እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው እንጂ ሌላ ነገር አስቦ አልነበረም።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀረው አንድ ልጁ ይርዳው ብቻ ነው። ይርዳው ጉብታው ላይ ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ከትምህርቱ ሁሉ የሚወደው ሥዕልንና የወዲያኛውን ዳር ቋንቋ ነው። ጣቱ በቀለም ተለውሶ ወደ ቤት ሲገባ አባቱ፣ ቋንቋ እንጨት አይፈልጥም፣ ሥዕልም ዝናብ አይመልስም ይለዋል። ልጁ ፈገግ ይላል። ፈገግታው አባቱን ይበልጥ ያበሽቀው ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። መነሻውን አንዱ በደሴት ነው ይላል፣ ሌላው በስድብ ነው ይላል። ይርዳው ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወጣቶቹ ተጠሩ። ይርዳው በሄደበት ጠዋት ደምለው በሩ ላይ ቆሞ «ደህና ግባ» ሊለው አስቦ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እንግዲህ ጠላትህን በቋንቋው ለምነው» አለው።

ልጁ እንደ ልማዱ ፈገግ አለና ጭጋጉ ውስጥ ገባ። ከሦስት ወር በኋላ አብረውት ከሄዱት ግማሾቹ ተመለሱ። ይርዳው ከሞቱትም ከዳኑትም መካከል አልተገኘም። ያቺ ደምለው በሩ ላይ የተናገራት ቃል ሲበላ አብራው ትበላለች፣ ሲተኛ አብራው ትተኛለች።

በዚያው ሰሞን ከንጉሡ አዋጅ ወጣ። ቤት እየተቃጠለ ግድግዳ የሚቀባ የለም፤ ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ስሌት፣ ብረት ማቅለጥና ቁስል ማሰር ብቻ ይሰጥ፤ የሥዕል፣ የዜማና የቋንቋ ክፍሎች ይዘጉ የሚል ነበር። ጫካው ያለው በወዲያኛው ዳር ስለሆነ እንጨት ጠፍቷል። በዚህ ምክንያት የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያዎች ፈርሰው ለቁስለኛ አልጋ ይሁኑ፣ መጻሕፍቱም በጆንያ ታስረው ጎተራ ይግቡ ተባለ። ቤተ መጻሕፍቱን የምትጠብቀውና የወዲያኛውን ዳር ቋንቋ የምታስተምረው መምህርት አስካለ ፋሻ እንድትቀቅል ተመደበች። መደርደሪያውን የማፍረሱ ሥራ ለደምለው ተሰጠ።

ደምለው በሥራው ደስ አለው። እንጨቱ ደረቅ የዋንዛ ሳንቃ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ወረቀት ተሸክሞ መቆሙ ያሳዝናል እያለ ማፍረስ ጀመረ። መምህርት አስካለ አጠገቡ ቆማ መጻሕፍቱን አንድ በአንድ፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እየደገፈች ጆንያ ውስጥ ታስገባ ነበር። ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ለመነችው።

«ጋሽ ደምለው፣ የሳንቃውን የታችኛውን ፊት አይላጉት።»

«ለምን?»

«ልጆቹ አሉበት» አለችው።

ሐዘን አእምሮዋን ነክቶት ይሆናል ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት የቆየ ልማድ አለ። ትምህርቱን የሚጨርስ ተማሪ ሁሉ በመጨረሻው ቀን ከመደርደሪያው አንድ ክንድ ቦታ ይሰጠዋል። ወለሉ ላይ በጀርባው ይተኛና ከሳንቃው ሥር አንድ ሥዕል ወይም አንድ መስመር ጽሑፍ ያኖራል። የላይኛው ፊት የመጻሕፍቱ ነው፤ የታችኛው የሚሄዱት ልጆች ነው። ለወላጅ አይነገርም። ከታች መጽሐፍ ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ቀና ያለ ሰው ብቻ ያየዋል።

ደምለው ሳንቃውን ሲገለብጠው ቀለም አየ። ማንበብ አያውቅም። የታችኛውን ፊት ሳይልግ ተወው፤ ይህን ያደረገው ግን ለልጆቹ አዝኖ አይደለም። ቀለም የመላጊያ ምላጭ ያደነዝዛል፤ በጦርነት ጊዜ ደግሞ ምላጭ ከየት ይመጣል? የቁስለኛ ጀርባ የሚነካውን የላይኛውን ፊት ብቻ እንደ ሐር አለሰለሰው። ቁስለኞቹ የሚተኙበት አዳራሽ ጠባብ ስለነበር አልጋዎቹን ተደራራቢ አደረጋቸው። አርባ ሳንቃ ሠራ፤ አንዱንም በደንብ አላየም።

ቁስለኞቹ ሲገቡ አንድ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ከታች የተኛው ሁሉ ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ ሥዕል አለ። እግሩ የተሰበረ አንድ ወታደር ጫማ ያደረገች ዶሮ አይቶ ሥቃዩን ረስቶ ሳቀ። ሌላው ሰማያዊ ተራራ ላይ የቆመች አንዲት ፈረስ ተስላለት፣ እሷን እያየ ከብዙ ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰደው። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ያነብለት ጀመር። አዳራሹ ውስጥ ሰዎች የሚያልሙት ሕልም ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዞር ይመስል ነበር።

ከላይ የተኙት ግን ማጉረምረም አመጡ።

«እኔ ጭንቅላቴን ተመትቼ የማየው የጣራ ሸረሪት ነው» አለ አንዱ። «እሱ የእግሩን ጣት ተመትቶ የአትክልት ቦታ ተሰጠው።»

«ከሸረሪቷ ጋር ተስማማ እንጂ፤ እሷም ብቻዋን ናት» አለው ከታች ያለው።

በመጨረሻ ተራ ወጣላቸው፤ ሦስት ቀን ከላይ፣ ሦስት ቀን ከታች።

አንድ ቀን ከወዲያኛው ዳር የተማረከ ቁስለኛ አመጡ። ትከሻው ተመትቷል። በመጨረሻው አልጋ፣ ከታች አስተኙት። መርዝ ነው ብሎ ምግብ እምቢ አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሁለት ቀን ተኛ። ሐኪሙ እንዲህ ከቀጠለ ነገን አያይም አለ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጭጋጉ በመስኮት ገብቶ አዳራሹን ሞላው። ምርኮኛው መተንፈስ ሲከብደው በጀርባው ተገለበጠ። ዓይኑ ከላዩ ካለው ሳንቃ ላይ አረፈ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ነገር አነበበ፤ ከዚያ አለቀሰ፤ ከዚያ ብዙ፣ እጅግ ብዙ ተናገረ። ቋንቋው የገባው ሰው አልነበረም። ጠባቂዎቹ እየረገመን ነው ብለው ሊያስወጡት ተነሡ።

ደምለው የላላ የአልጋ እግር ሊያጠብቅ እዚያው ተንበርክኮ ነበር። ምርኮኛው እጅጌውን ያዘው። ሳንቃውን አሳየው፣ ከዚያ ወንዙን አሳየው፣ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ደምለው ያኔ ገና ቀና ብሎ አየ። ትንሽ ሥዕል ነች። አንድ ሰው ደጁ ላይ እንጨት ይልጋል። አግዳሚው አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ድንጋይ ተደርጎለታል። ከመላጊያው የሚወድቀው ፍቅፋቂ ወንዙ ላይ ሲደርስ ጀልባ እየሆነ ይሄዳል። ያን አግዳሚ ደምለው ያውቀዋል። ድንጋዩን ያደረገለት ራሱ ነው።

ሮጠ። መምህርት አስካለን ከፋሻው ድስት አጠገብ አገኛትና እጇን ሳትጠርግ ይዟት መጣ።

እሷም ምርኮኛው አጠገብ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስትጨርስ ያየችው ምርኮኛውን አይደለም፤ ደምለውን ነው።

«ጽሑፉ በእነሱ ቋንቋ ነው» አለችው። «‹ከአባቴ መላጊያ የወደቀው ፍቅፋቂ ግማሹ እዚህ ዳር ያርፋል፣ ግማሹ እዚያ ዳር› ይላል። እነሱ ጋ አንድ የተማረከ ልጅ አለ። ጭጋግ በወረደ ቁጥር ይህችን ቃል ይላታል። ሲይዙት ሊገድሉት ጠመንጃ ተደግኖበት ነበር። በቋንቋቸው ለመናቸው። ‹ጠላት በእናቴ ቋንቋ ሲለምነኝ እጄ ከበደኝ› ይላል ይሄ ሰውዬ። ጠመንጃውን የደገነው እሱ ነበር።»

«በቋንቋቸው ለመናቸው?» አለ ደምለው።

«አዎ።»

ደምለው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ይስቅ ይሆን ያለቅስ ይሆን ያየው ሰው አላወቀም።

ወሬው ንጉሡ ዘንድ ደረሰና ንጉሡ ራሱ መጣ። ሁሉንም ሰምቶ ፊቱ በራ።

«እንግዲያው ቋንቋ ጥሩ መሣሪያ ነው» አለ። «ከጥይቱ ጋር እናስተምረዋለን።»

መምህርት አስካለ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ መለሰች። «ንጉሥ ሆይ፣ መሣሪያ ብለን ብናስተምረው ኖሮ ልጁ በዚያ ቋንቋ የሚያውቀው ‹እጅህን ወደ ላይ› የሚለውን ብቻ ነበር። ይህን የጻፈው ወለል ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ ማንም ጠላቱ ባልሆነበት ቀን ነው።»

ንጉሡ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ጫማውን አወለቀ፤ ባዶ ከነበረ አንድ የታችኛው አልጋ ላይ በጀርባው ተኛ። በላዩ ምን ተስሎ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተናገረም። ሲነሣ ግን «ይህን ለማየት መቁሰል ነበረብን?» አለ።

በማግስቱ የተዘጉት ክፍሎች ተከፈቱ። መጻሕፍቱ ከጎተራ ወጡ። መደርደሪያ ስላልነበረ ወለሉ ላይ ተደረደሩ፤ ተማሪዎቹም ወለሉ ላይ ተቀምጠው አነበቡ። የቋንቋው ትምህርት እዚያው የቁስለኞቹ አዳራሽ ውስጥ ቀጠለ። በወዲያኛው ዳር ቋንቋ ደብዳቤ ተጻፈ፤ መልሱም መጣ። ምርኮኛ በምርኮኛ ሊለዋወጡ ተስማሙ።

የመለዋወጫው ቀን ጭጋጉ ከባድ ነበር፤ ወንዙ አይታይም። ምርኮኛው ጀልባው ላይ ሲወጣ ደምለው ቀረብ አለ። ከመምህርት አስካለ ሳምንት ሙሉ የተማራት አንዲት ቃል ነበረችው። በሰውዬው ቋንቋ፣ ምላሱ እየተጎለደፈ፣ «ደህና ግባ» አለው። ሰውዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ነጩ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከዚያው ከነጩ ውስጥ ሌላ ጀልባ ወጣ። የከሳ አንድ ልጅ ፈገግ እያለ ወረደ። ደምለው ያቺኑ በሩ ላይ የቀረችውን ቃል በራሱ ቋንቋ ሊላት አፉን ከፈተ፤ ልጁ ግን ደህና ገብቶ ነበርና ቃሏ አላስፈለገችም። አቅፎት ብቻ ቆመ።

ጦርነቱ በዚያ ቀን አላለቀም። ግን ከዚያ ወዲህ ጭጋግ ሲወርድ ከወዲያኛው ዳር የሚሰማው ድምፅ ጩኸት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ቃል ሆነ። ሲያልቅም በቃል አለቀ።

ቁምነገሩ ይህ ነው። ጭንቅ ሲመጣ ቀድመን የምንዘጋቸው ክፍሎች ሥዕሉን፣ ዜማውን፣ ቋንቋውንና መጻሕፍቱን የያዙት ናቸው፤ ጥይት አይሠሩምና ትርፍ ይመስሉናል። ነገር ግን ጥይት የሚጠብቀው ቤቱን ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሊጠበቅ የሚገባውን ሰው የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ልጅ በሰላም ቀን በማይታይ ቦታ የጻፋት ትንሽ መስመር በጦርነት ቀን የማን ጠመንጃ እንደምታወርድ አይታወቅም።

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ በጀርባችሁ ብትተኙ ከላያችሁ ምን ተጽፎ ታገኛላችሁ? ለሚመጣውስ ምን ጻፋችሁለት?