ስንዱና የሾፌር እሸቴ ላንድሮቨር

«ይህን ካምቢዮ ከእኔ ሌላ የሚገጥም ሰው ገና አልተወለደም፤ ቢወለድም እኔ ዘንድ መጥቶ ይማራል!»

እንዲህ ብላ የፎከረችው የመካኒኩ የጋሽ መንበሩ ልጅ ስንዱ ናት። በቅሎ መልስ ከሚባለው ዳገት ግርጌ ባለችው ከተማችን፣ ቀላሉን ነገር ሳያይ ከባዱን ለሚሸከም ሰው ሁሉ የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። ሕፃን አዋቂው ይላታል፤ ከየት እንደመጣች ግን ብዙው ሰው አያውቅም። የመጣችው ከዚህ ፉከራ ነው።

ስንዱ ያን ጊዜ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት ደጅ አልደረሰችም፤ ምላሷ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ተመርቋል ይሏታል።

አንድ ቀን የሟቹ የሾፌር እሸቴ ባለቤት እትዬ አስካለ ከልጃቸው ከደምሴ ጋር ወደ ጋራዡ መጡ። እሸቴ የተቀበረው ዳገቱ አናት ላይ፣ ሚካኤል ነው። አስከሬኑን ተሸክሞ የወጣው ያው የራሱ አሮጌ ላንድሮቨር ነበር፤ ሲወርድ ግን ካምቢዮው እንደ ወፍጮ እየጮኸ ወረደና ከዚያ ወዲህ ከጋራዡ ደጅ አልተነቃነቀም።

«ሙት ዓመቱ ቅዳሜ ነው» አሉ እትዬ አስካለ። «ባሌ በወጣበት መኪና ካልሆነ እዚያ ዳገት ላይ አልወጣም።»

«እማዬ፣ ተሸክመን እናወጣሻለን እኮ» አለ ደምሴ። «ይህ የሞተ ብረት ነው። ለቁራሌው ይሰጥና ይለይልን።»

ስንዱ ከመኪና ሥር ጭንቅላቷን አወጣች። «የሞተውስ የአንተ ዓይን ነው! ቅዳሜ በራሱ እግር ካልወጣ፣ እኔው ራሴ ገፍቼ ለቁራሌው አስረክበዋለሁ!»

«ምስክር ነዎት ጋሽ መንበሩ?» አለ ደምሴ ፈጠን ብሎ።

አባቷ አፏን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ። ቃሉ ግን ወጥቷል።

የዚህ መኪና ካምቢዮ ከሥር አይወርድም። ወንበሩ ይነቀላል፣ ወለሉ ይነሳል፣ ከዚያ ሰው ተረባርቦ እንደ ታማሚ በበሩ በኩል ያወጣዋል። አውጥተው ሲከፍቱትና በናፍጣ ሲያጥቡት ስንዱ ዝም አለች። በሕይወቷ ዝም ያለችው ያኔ ብቻ ነው ይባላል። ጥርስ በጥርስ ላይ፣ ትልቁ ትንሹን አቅፎ፣ ቢጫ የነሐስ ቀለበቶች በየመሃሉ እያበሩ፤ ከጀርባው ደግሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የምታካፍለው ትንሿ ሳጥን፣ እንደታዘለች ሕፃን ተለጥፋ። አንዱን በጣቷ ነካ ስታደርግ ከወዲያ ጫፍ ያለው መለሰላት።

«አባባ፣ ይህን ያሰበ ሰው እንደ እኛ እንጀራ ይበላል?»

«ይበላል። ግን አይለፈልፍም» አሉ ጋሽ መንበሩ።

የተበላውን ኩሽኔታ ቀየሩ፣ የተሰበረውን ጥርስ ተኩ። ሊገጥሙ ሲሉ ግን ቆላ ላይ አይሱዙ ተገልብጦ ጋሽ መንበሩ ተጠሩ። «እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሺው» ብለው ሄዱ።

ስንዱ እንኳን ልትጠብቅ! ሳጥኑን ዘጋች፣ ዘንጎቹን ተከለች። ከዚያ የጎረቤቱን ሰው ሁሉ ጠርታ፣ ምንም እንዳይከብዳት የትንሿን ሳጥን ባለ ቀይ ራስ ዘንግ መሃል ላይ አቆመችና ያን ሁሉ ብረት በአንድ ጣት አሽከረከረችው። ድምፅ የለውም። ቅቤ ነው። ሰዉ «ወይ ጉድ!» ሲል ነው እንግዲህ ያን ፉከራዋን የፎከረችው። ወዲያው በሰው ሸክም ላንድሮቨሩ ውስጥ አስገብተው አሰሩት።

ሐሙስ ዕለት ሞተሩን አስነሳች። ፍሪሲዮን ረገጠች፣ አንደኛ ማርሽ አስገባች፣ ለቀቀች። ሞተሩ ያጓራል፤ መኪናው ግን እንደ ሐውልት ቆሟል። ሁለተኛ ሞከረች፤ ያው። ሦስተኛ፤ ያው ነው።

ላብ አጠመቃት። «አንዱ ጥርስ ሳይገጥም ገብቷል» አለች። «ይውረድ!»

«አሁን እኮ ነው የሰቀልነው!» አለ ጎሹ የሚባለው ወዛደር ወገቡን ይዞ።

«ይውረድ አልኩህ ጋሽ ጎሹ! የምታውቀው ጆንያ መሸከም ነው!»

ወረደ። ዓርብን ሙሉ እያንዳንዷን ጥርስ አየች፣ ዳሰሰች፣ ቆጠረች። አንዲት ጉድለት የለችም። መልሳ ገጠመችው። ቅዳሜ ጠዋት አስነሳችው።

እንደ ሐውልት።

እትዬ አስካለ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ የሙት ዓመቱን ዳቦ አሸክመው ከደምሴ ጋር ደረሱ። ከኋላቸው ቁራሌው ገመዱን ይዞ ቆሟል። ስንዱ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ከኋላ ዞረችና ትከሻዋን መኪናው ላይ አስደገፈች። ቃል ቃል ነው።

«ቆይ ልጄ» አሉ እትዬ አስካለ። «ለመጨረሻ ጊዜ እንኳ ልቀመጥበት።»

ወጥተው ከዘንጎቹ ጎን፣ ዕድሜ ልካቸውን በተቀመጡበት ቦታ ተቀመጡ። ስንዱና ጎሹ ገፉ። መኪናው ያለ ምንም ችግር እንደ ጋሪ መንከባለል ጀመረ።

«ቆዩ እስቲ!» አሉ እትዬ አስካለ ከውስጥ። «ቀዩ ለምንድነው መሃል የቆመው?»

«ምን አሉ?»

«ቀዩ ነዋ! እሸቴ ዳገት ሲደርስ ‹አስካለ፣ ጉልበትሽን ሰብሰብ› ይለኝና ወደኋላ ይስበው ነበር። ሜዳ ሲሆን ወደፊት ይገፋዋል። እየሄድን መሃል ቆሞ አይቼው አላውቅም።»

ቀዩ መሃል ከቆመ የሞተሩ ኃይል ትንሿ ሳጥን ላይ ይቀራል እንጂ ጎማ ዘንድ አይደርስም። ዘንጉን መሃል ላይ ያቆመው ደግሞ የራሷ የስንዱ እጅ ነው፤ በአንድ ጣት አዙራ ልትታይ ብላ! ከዚያ ወዲያ ካምቢዮው ሲሰቀል፣ ሲወርድና ደግሞ ሲሰቀል፣ ውስጡን ስትቆጥር፣ ውጭ ያለውን ቀይ ነገር ዞር ብላ አላየችውም። በመስኮቱ እጇን ሰደደችና ወደኋላ ሳበችው። ቋ!

ደምሴ መሪውን ይዞ ሞተሩን አስነሳ። አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ መኪናው ጎንበስ ብሎ ተነሳ።

ያን አወጣጥ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። በቅሎ የሚመለስበትን ድንጋይ ሳይቸኩል፣ ሳያጓራ፣ እንደ ሽማግሌ አንድ አንድ እግሩን እያነሳ ወጣው። ደምሴ እንኳ «የአባቴ እጅ ነው የሚነዳው» አለ። እትዬ አስካለ በየጠመዝማዛው ማንም ሳያዛቸው ጉልበታቸውን ይሰበስቡ ነበር። ስንዱ ከኋላ ዳቦውን አቅፋ ከእግሯ ሥር የሚሽከረከሩትን ጥርሶች ታዳምጣለች፤ አንዱም አይሳሳትም።

ሚካኤል ደረሱ፣ ፍትሐቱ ተፈታ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ሰዉ መኪናውን ከቦ ሲደነቅ ታዲያ የስንዱ ምላስ ከሄደበት ተመለሰ።

«እስቲ ንገሩኝ» አለች ወገቧን ይዛ፤ «በአንድ ሳምንት ውስጥ ያንኑ ካምቢዮ ደግማ ያወረደች ሴት በዚህ አገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?»

እትዬ አስካለ ከባላቸው መቃብር ቀና ሳይሉ መለሱላት፦ «ቀዩ መሃል ቆሞ፣ ካምቢዮ ይወርዳል ደግሞ!»