ሐይቅ ልታይ የተነሳች ጎጆ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ፤ «አምጣው!» በሉኝና ልጀምር።

ድሮ፣ መኪና ገና ለአገሩ አዲስ በነበረበት ዘመን፣ መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ጎጆ ነበረች። መንገደኛው ሁሉ በደጇ ሲያልፍ ስለ ሐይቁ ያወራል። እሷ ግን ከቆመችበት ፈቀቅ ብላ አታውቅም። «ሐይቁን ሳላይ ጣሪያዬ ሊያረጅ ነው!» እያለች ትተክዛለች።

አንድ ቀን መኪና እያጓራ መጣ።

«አያ መኪና፣ ወደ ሐይቁ ከሆንክ ይዘኸኝ ሂድ።»

«ቤት ደግሞ የት አገር ይሄዳል? እስቲ ጀርባዬ ላይ ውጪ።»

ወጣች። «ኧረ ወገቤ!» ብሎ አወረዳት።

በገመድ አስሮ ጎተታት። «ኧረ መሠረቴ!» ብላ ጮኸች።

ይሄኔ አጥር ሥር የተጋደመ አሮጌ ጋሪ፣ «እንኪ፣ ሁለቱን ጎማዎቼን ውሰጂ፤ እኔስ መንገድ ጠግቤአለሁ» አላት። ጎማ አጥልቃ ስትጎተት እንደ ሙሽራ በቅሎ ትሰግር ጀመር።

«ስሚ» አላት መኪና፣ «ሌላ ሸክም ከጨመርሽብኝ እፈታሻለሁ!»

ሲመሽ ቆሙ። ፍየል መጣች።

«ቤቶች! የመሸብኝ እንግዳ ነኝ።»

«እኔም እኮ ለአገሩ እንግዳ ነኝ» አለች ጎጆ።

«በር አለሽ?»

«አለኝ።»

«እንግዲያው ባለቤት ነሽ፤ ልግባ።»

ጎጆ ምን ታድርግ? የመሸበትን መመለስ ነውር ነው። በማግስቱ ዶሮ ከነጫጩቶቿ ገባች። በሦስተኛው ቀን አህያ ገባ፤ ጆሮው በመስኮት ወጣ። ሲነጋ ማንም አልወጣም። እንግዳን «ሂድ» አይሉትማ! መኪናም እያጉረመረመ ጎተተ።

አንድ ትልቅ ዳገት ሥር ሲደርሱ መኪና ጭስ ተፋ። «አውርጃቸው! ሐይቁ ከዳገቱ ማዶ ነው።»

ጎጆ ዳገቱን አየች። እንግዶቿን አየች። ልቧ ሁለት ሆነ።

«አያ መኪና፣ ያስጠጋሁትን አላባርርም።»

«እንግዲያው ከእንግዶችሽ ጋር እዚሁ ክረሚ!» ፈትቷት ሄደ።

ጎጆ አለቀሰች። ጎጆ ስታለቅስ ደግሞ ጣሪያዋ ያፈሳል። ዶሮ ጫጩቶቿን እየሰበሰበች አህያን ተቆጣችው።

«አንተ! የሰው ቤት ተጋድመህ ትንሽ አታፍርም?»

«ጎትት ያለኝ ማን አለ?» አለ አህያ እያዛጋ። «እንግዳ ሥራ አይነካም ብዬ እኮ ነው!»

ተነስቶ ገመዱን አንገቱ ላይ አደረገ። ፍየል ከኋላ በቀንዷ ገፋች። ዶሮ ጣሪያው ላይ ወጥታ «ግፉ! ግፉ!» እያለች አዘዘች።

ዳገቱን ወጡ። ሐይቁ ወለል ብሎ ታየ። ጎጆ በሯን በሰፊው ከፍታ አየችው፤ አየችው፤ አልጠግበው አለች።

ማታ ዝናብ ወረደ። ከሐይቁ ዳር አንድ ነገር ሲያስነጥስ ተሰማ። መኪና ነው፤ ሸራው አፍስሶ፣ እሳት የሚጭርለት ካንዴላው ረጥቦ፣ አልነሳ ብሏል።

«እሜቴ ጎጆ...» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ዝናብ ላይ ቆመህ ምን ታወራለህ? ግባ እንጂ!»

አህያ ጎትቶ አመጣው። በሩ ግን ጠበበው። አፍንጫውን ብቻ አስገብቶ፣ ኋላውን ዝናብ ሲደበድበው አደረ። ዶሮም የመኪናው መብራት ላይ ሰፍራ አንቀላፋች።

ያስጠጉት እንግዳ፣ ዳገት ላይ ወገን ይሆናል። ተረቴ እዚህ አደረች፤ የእናንተ ደግሞ ትግባ።