መሪጌታ ክንፉና ሃያው የእንግሊዝ ቃል

እኛ ዘንድ የደረሰው ወሬ እንዲህ ነው። ፊታውራሪ ደምሰው የሚባሉ አገር ገዥ የመሪጌታ ክንፉን እህት፣ የባልቴቷን የወይዘሮ አመለወርቅን እርሻ አጥረው ያዙ። ዳኛውም እሳቸው ራሳቸው ነበሩ፤ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚባልበት ዘመን ነው። መሪጌታ አቤት ሲሉ፣ ፊታውራሪ የእንግሊዝ ቆንስል ሊጎበኛቸው ነውና ራሳቸውም እየተማሩ ቤተኛውንም ሁሉ እንግሊዝኛ እያስተማሩ ኖሮ፣ «ሃያ ቃል ከነፍቺው ከነምሳሌው ሳያውቁ ሙግትዎን አልሰማም» አሏቸው። አሮጌ ደብተራ የፈረንጅ ቃል ከየት አባቱ ያመጣል ብለው ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው አስተማሪ፣ መምህር ሐዲስ፣ ቃሉንና ፍቺውን ይናገራል፤ ተማሪው ምሳሌ ያወጣል። በመጀመሪያው ቀን «ጄነረስ ማለት ለጋስ ነው» አለና መሪጌታን ጠየቀ።

«ፊታውራሪ ለጋስ ናቸው፤ የእህቴን እርሻ ለራሳቸው ሰጡ።»

ፊታውራሪ ተቆጡ። መምህሩ ግን አንገቱን ደፍቶ፣ ምሳሌው ስሕተት የለበትም አለ።

ሌላ ቀን ቃሉ «ኤኮ» ሆነ፤ የገደል ማሚቶ። ፊታውራሪ ያሉትን ሁሉ እየደገሙ የሚኖሩት ቀኛዝማች በዛብህ ሳቁና፣ «ደብተራው፣ በዚህ ሜዳ አገር ገደል ከየት አምጥተህ ምሳሌ ልታወጣ ነው?» አሉ።

«ገደል ምን ያደርግልኛል? ፊታውራሪ ሲያስነጥሱ እርስዎ አብረው ያስነጥሱ የለ?»

ፊታውራሪ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀኛዝማችም ፊታውራሪ መሳቃቸውን አይተው አብረው ሳቁ።

ወር ሲሞላ መሪጌታ ዐሥራ ዘጠኙን ቃል እንደ ዳዊት ይወርዱት ጀመር። ፊታውራሪ ግን ከሦስት አላለፉም። ነገሩ ከንክኗቸው፣ «በዚህ እርጅናዎ እንዴት አይረሱም?» ብለው ጠየቁ።

«ጌታዬ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

አመለወርቅ ያን ሰሞን ከጎረቤት ቆሎ እየለመነች ታድር ነበር። ይህን ሲያወሩልኝ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሃያኛው ቃል «ጃስቲስ» ነበር። መምህሩ «ፍትሕ ማለት ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት» ብሎ ፈታው። መሪጌታ ዝም አሉ። ፊታውራሪ ከአልጋቸው ብድግ ብለው አጨበጨቡ።

«ተያዙ! ምሳሌ ከሌለ ሙግትም የለ!»

መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው እጅ ነሱ።

«እኔስ በአገሩ ሁሉ ፈልጌ አጣሁት። ጌታዬ ሲገዙን ዐሥራ ሁለት ዓመትዎ ነው፤ አንድ ምሳሌ እንኳ ካለዎት ያበድሩኝ።»