የቀጨሞ በር እጅ ዘርጊ

በቀጨሞ በር ከተማ አደባባይ ላይ ቀኝ እጇን የዘረጋች የሸክላ ሴት ቆማለች። ጠዋት ጠዋት ከገደሉ የሚወጣው ጭጋግ ከተማውን ይውጥና ሲገፈፍ ከሁሉ በፊት የሚታየው ያ እጅ ነው፤ ክንድም ትከሻም የሌለው፣ በነጭ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ቀይ መዳፍ። ምስሏ ዛሬ በማዘጋጃ ቤቱ ማኅተምና በኳስ ቡድኑ ማሊያ ላይ ሳይቀር አለ። ከሥሯ በተተከለው ሰሌዳ ላይ የእንግዳ ተቀባይነታችን ምልክት ናት ተብሎ ተጽፏል። ሰሌዳውን ያጻፉት ሰዎች የቁልቁለቱን ሰፈር ሽማግሌዎች አልጠየቁም።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ በዚያ ቁልቁለት ጥንት እንኮይ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። የላይኛው መንደር ሰው ሸክላ ሠሪን በእጁ አይነካም ነበርና፣ እንስራ ሲገዛ አሞሌውን መሬት ላይ አስቀምጦ ፈቀቅ ይላል፣ እሷም ጎንበስ ብላ ታነሳለች። ጭጋጉ ግን ላይኛና ታችኛ ሳይል መንገድ የሳተውን ሁሉ ገደል ይከት ነበር። እንኮይ ይህን አይታ ሰው የሚያህል ጋን ሠራችና አፉን ወደ ነፋሱ አዙራ ዛሬ አደባባዩ ባለበት የመንደሩ መግቢያ በር ላይ አቆመችው፤ ነፋስ ባለፈበት ቁጥር ጋኑ እንደ ሩቅ እምቢልታ ያንጎራጉር ጀመር ይባላል።

የአገሩ ሹም ቀኛዝማች ሽበሺ ወንድ ልጃቸውን ድረው፣ ሙሽራይቱን የሹምነሽን ይዘው ሲመለሱ ጭጋጉ መንገድ ላይ ያዛቸው። ዘፈኑ ቀስ እያለ ሞተ፤ ሰው የፊተኛውን ሰው ኩታ ጫፍ ይዞ እንደ ህልም ሲራመድ ቆየና የሙሽራይቱ በቅሎ በድንገት አልሄድም አለች። ያን ጊዜ ከነጩ ውስጥ ያ እንጉርጉሮ መጣ። ድምፁን ተከትለው በሩ ጋ ሲደርሱ፣ እንኮይ እጇ በጭቃ እንደተለወሰ ከጋኑ አጠገብ ቆማ ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ከብትም በይኝ ርስትም በይኝ፣ ተናገሪ!» አሉ ቀኛዝማች።

«ሌላ አልሻም፣ ጌታዬ። እንደ ሰው እጄን ይጨብጡኝ።»

«ይጠንቀቁ ጌታዬ፣ ጠፍጥፋ ማሰሮ እንዳታደርግዎ!» አለ አንዱ አሽከር፤ ሰርገኛው ሳቀ። ቀኛዝማች ግን አልሳቁም። «ታጥበሽ ነይ» አሏት። ወንዝ ወርዳ ታጥባ ስትመለስ፣ እጃቸው ካባቸው ውስጥ ገብቶ አገኘችው።

«አገሩ ምን ይለኛል?» አሉ ወደ ሌላ እያዩ።

«የእጄን ሥራ ተከትለው ሲመጡ አገሩ ምን አለዎት?»

ቀኛዝማች በቅሏቸውን ኮለኮሉ።

ከዚያ በኋላ ጭጋጉ እንደወትሮው በጠዋት አልተገፈፈም፤ በውስጡም ቀይ ብርሃን ሲንቀለቀል ታየና ሰው ሁሉ ፀሐይ ከበሩ መካከል የወጣች መሰለው። ሲገለጥ ጋኑ የለም፤ በቦታው ይህች ሴት እጇን ዘርግታ ቆማለች። እንኮይን ዳግመኛ ያያት የለም። የላይኞቹ፣ ቆማ ስትጠብቅ ወደ ሸክላ ተለወጠች ይላሉ። የቁልቁለቱ ሽማግሌዎች ግን፣ ጋኑን ሰብራ፣ ገሉን ፈጭታ ከጭቃ ጋር ለውሳ፣ በእጇ ሠርታ በእሳት የተኮሰቻት እሷ ናት ይላሉ። ተለወጠች የሚባለው ሠራች ላለማለት ነው። የሸክላዋን ሴት አፍም እንደ ጋኑ እንዲያንጎራጉር ለነፋስ ከፈት አድርጋ ትታዋለች፤ እምቢ ያሏትን እንኳ መንገድ አላሳጣቻቸውም።

መጀመሪያ የደረሰችው ሙሽራይቱ የሹምነሽ ነበረች። እጁን ጨበጠችው፤ ገና ትኩስ ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ በቀጨሞ በር የምትዳር ሴት ሁሉ ያን መዳፍ ሳትጨብጥ ቤቷ አትገባም፤ መዳፉም ከመጨበጥ ብዛት እንደ መስተዋት ያበራል። የቁልቁለቱ ልጅ ዲግሪ ይዞ ሲመለስ ግን የላይኞቹ ከሩቅ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እንዴት ነህ?» ይሉታል። ሙሽራይቱም ጫጉላዋ ሲያልቅ እንስራ ልትገዛ ወደ ቁልቁለቱ ገበያ ትወርዳለች። ሸክላ ሠሪዋ እጇን ትዘረጋለች። ሙሽራይቱ ብሩን መሬት ላይ ታስቀምጣለች።