በገዛ መኪናው ኋላ የተሳፈረው ሹፌር

አንድ ባለ ፒክአፕ ነበር፤ ገዝሙ ይባላል። የሚኖርባት የደጋ መንደር ፖምና ጎመን ይበቅልባታል። ቆላ ካለው ከተማ ጋር የሚያገናኛት ግን ድንጋዩ ከአፈሩ የበዛ አንድ ቁልቁለት ብቻ ነው። በመንደሩ ከገዝሙ መኪና በቀር ሌላ መኪና የለም። ስለዚህ ገበያ የሚወርደውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም፣ ታሞ የሚታከመውም ከገዝሙ መኪና ኋላ፣ በፖም ሳጥንና በጎመን ጆንያ መሃል ተጠቅጥቆ ነው የሚሄደው።

ገዝሙ ክፉ ሰው አልነበረም። አቅመ ደካማ ሲያገኝ በነጻ ይጭናል፤ ሬሳ ሲኖር ሳይጠሩት ይመጣል። አንድ አመል ብቻ ነበረችው፤ ፍጥነት ነፍሱ ነው። የመንደሩ ሰው «ጄቱ» ብሎ ቅጽል ስም አውጥቶለታል፤ እሱም ስሙን እንደ ሹመት ነበር የያዘው። ከተማ ደርሶ ሰው ሲያወርድ ደረቱን ነፍቶ «ጉዞው እንዴት ነበር?» ይላል። «ኧረ ምን ይወጣለታል! አውሮፕላን ነው!» ይሉታል፣ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው። ምን ይበሉት ታዲያ? ነገ ቢያኮርፍባቸውስ በማን ይወርዳሉ? እሱ ምስጋናውን እየሰማ ወደ ወገባቸው ሳያይ ይሄዳል።

ሚስቱ ምንታምር ትባላለች። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም ጊዜ አልሆነላትም። በሦስተኛው ግን ወሩም ገፋ፣ ሆዷም ገፋ። ባልና ሚስቱ ስለ ሕፃኑ ጮክ ብለው ለማውራት እንኳ ይፈሩ ነበር፤ ስም የሚባል ነገር በቤታቸው አይነሣም። በዚህ መሃል ምንታምር ትንሽ ደም ታያት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ መረመረቻትና ገዝሙን ለብቻው ጠራችው።

«ስማኝ ወንድሜ፣» አለችው፤ «እዚህ አትወልድም። በዚህ ሳምንት ከተማ ወርዳ ሆስፒታል ትተኛ። አምቡላንሱ ከክረምቱ ወዲህ ይህን መንገድ አይወጣውም፤ አንተው ታወርዳታለህ። ጋቢና ተቀምጣ አይሆንም፤ ከኋላ በጎኗ ተጋድማ ነው የምትሄደው። ቶሎ ትድረስ፤ ደግሞ እንዳትናጥብህ።»

ገዝሙ ከዚህ ሁሉ ንግግር «ቶሎ» የምትለዋን ብቻ ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ገበያተኛውን ጭኖ ወረደና ከተማ እንደገባ በቀጥታ ወደ ጋሽ ቡሽራ ጋራዥ አመራ። መኪናዋን ላሻሽልበት ብሎ ያጠራቀማት ገንዘብ ነበረችው፤ ለአንድ ሥራ ትበቃለች፣ ለሁለት አትበቃም። ሹፌር ጓደኞቹ ደግሞ ጆሮውን ሞልተውታል። የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም አስደርግ፣ ጉልበት የሚጨምር ትልቅ ተርቦ አስገጥም፣ ጭስ ማውጫውን አስፋ! «ስትረግጣት ወንበሩ ይውጥሃል!» ብለውታል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስብ ያደረው ይህንኑ ነው።

«ጋሽ ቡሽራ፣ ይህቺን ሞተር ይቀስቅሱልኝ!» አለ ገና ከመኪናው ሳይወርድ።

ጋሽ ቡሽራ ምራቃቸውን የዋጡ መካኒክ ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «ምን አስቸኮለህ?» አሉት። የምንታምርን ነገር ሲነግራቸው ጨርቁን አስቀምጠው አዳመጡ።

«ምንታምር የምትሄደው ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

«ወደ ታች ነዋ!»

«ቁልቁለት ላይ ታዲያ ጉልበት ምን ይሠራልሃል? ወደ ታችማ መሬቱ ራሱ ያወርድሃል።» ጎንበስ ብለው በኋላ ጎማው በኩል ያለውን ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራውን አዩ። «ይህን ሁሉ ማን ደረበው?»

«እኔ ነኝ ያስደረብኩት። ፖም ሲበዛ ቁጭ እንዳትልብኝ ብዬ።»

«ሾክ አብዞርበሩስ?»

«እሱማ ከሞተ ቆይቷል። ግን ምንም አትልም ጋሽ ቡሽራ፤ ትሮጣለች።»

«እኔን ከጠየቅኸኝ ሞተሩን አልነካውም። የደረብከውን አውጥቼ ለስላሳ ባሌስትራና አዲስ ሾክ አብዞርበር እገጥምልሃለሁ፤ ንጠቱን ያበርዱልሃል።»

የገዝሙ ፊት ጠቆረ። «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔ የቸገረኝ ድሎት አይደለም። ሚስቴ እንድትደርስልኝ ነው! ልጄ እንዲተርፍልኝ ነው!»

ጋሽ ቡሽራ አልተቆጡም። «ከኋላ ተሳፍረህ ታውቃለህ?» አሉት።

«ከየትኛው ኋላ?»

«ከዚህችው ከመኪናህ።»

ገዝሙ ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «ማን ይንዳልኝና?»

«እኔ ልንዳልህ። ሰዎችህ ሲሰበሰቡ ድንጋያማው መንገድ ላይ እስካለው ድልድይ እኔ እነዳለሁ፤ አንተ ከእነሱ ጋር ከኋላ ውጣ። ከዚያ ወርደህ ሞተሩን ሥራልኝ ካልከኝ፣ ወላሂ አንዲት ቃል ሳልጨምር እሠራልሃለሁ።»

ገዝሙ በሆዱ «ሽማግሌው ጊዜዬን ሊበላ ነው» አለ። እምቢ እንዳይል ደግሞ በከተማው ከእሳቸው የተሻለ እጅ የለም። ገበያተኛው ሲሰበሰብ ቁልፉን ሰጣቸውና ከኋላ ወጣ። ቦታ የተገኘለት ባዶ ሳጥን ላይ፣ ጎመን ሸጣ ከምትመለሰው ከእማማ ሻሽቱ አጠገብ ነው። ሰዉ እየተያየ ፈገግ አለ። ነገሩ ገርሞታል፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀው?

አስፋልቱ ላይ ምንም አልነበረም። ገዝሙም «አላልኩም?» ብሎ እግሩን ዘረጋ። አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ሲጀምር ግን፣ ጎበዝ፣ የሰውየው ነገር ሌላ ሆነ። መጀመሪያ ሳጥኑ ከሥሩ ጠፋ። ቀጥሎ ሳጥኑ ተመልሶ መጣና አከርካሪውን መታው። ምላሱን ነከሰ። የጎኑን ብረት ሊይዝ እጁን ሲሰድ የያዘው የእማማ ሻሽቱን ሻሽ ነው። «ቀስ! ኧረ ቀስ ይበሉ ጋሽ ቡሽራ!» እያለ የጋቢናውን ጣራ ደበደበ። የሚሰማው የለም።

«እኚህ ሰውዬ አብደዋል እንዴ?» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። «ሊገድሉን ነው! ሰው ጭኖ እንዲህ ይነዳል?»

እማማ ሻሽቱ ሳቋ አመለጣት። ለማፈን ብትሞክር አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ውይ ልጄ! ዛሬማ ተደልድለን ነው የምንሄደው። አንተ ስትነዳ ብታየው ምን ልትል ነው?»

ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው ደግሞ እማማ ሻሽቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እንዴ፣» አለ ገዝሙ ጆሮውን ማመን አቅቶት፤ «ሁልጊዜ ‹አውሮፕላን ነው› ትሉኝ የለም እንዴ?»

«ምን እንበል ታዲያ?» አለች እማማ ሻሽቱ፣ አንዴ ካመለጣት ላይቀር። «ያለን አንተ ነህ። ብታኮርፍብንስ? እኔ እኮ ካንተ ጋር በወረድኩ ቁጥር ሁለት ቀን አልነሣም። እርጅናዬ ነው እያልኩ ዝም አልኩ እንጂ።»

ገዝሙ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ከእግሩ ሥር ባለው ወለል ላይ ቀረ። መኪናዋ ስትዘል ወለሉ ይነሣል፤ ስትወርድ ይማታል። ምንታምር በጎኗ የምትተኛው እዚህ ነው። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ፣ እሱ ፊት ተቀምጦ በአዲሱ ሞተር ሲረግጥ፣ እሷ እዚህ ልትናጥ ነበር። «በገዛ እጄ!» አለ፤ ማንም አልሰማውም።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ቡሽራ ቆሙና በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው «እህ?» አሉ።

ገዝሙ የጎኑን ብረት ይዞ ወረደ። «ያዙሯት» አለ።

«ወዴት?»

«ወደ ጋራዥ። ሞተሩን እንዳይነኩት! ያሉትን ይግጠሙልኝ።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ አቀረቀረ። «ይቅር በሉኝ። ዛሬ ታመሹብኛላችሁ።»

«ኧረ ካስፈለገም እናድራለን!» አለች እማማ ሻሽቱ፤ ሰዉም አጨበጨበ። በዚያ ቀን ቤቴ ቶሎ ልግባ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም።

ጋሽ ቡሽራ የተደረበውን ብረት አወጡ፤ ለስላሳውን ባሌስትራና አዲሱን ሾክ አብዞርበር ገጠሙ። ሥራውን የሞከሩት ደግሞ ባዶዋን መኪና በመንዳት አይደለም፤ ሰዎቹን ከኋላ አስቀምጠው ድንጋይ ለድንጋይ እየወሰዱ «አሁንስ? አሁንስ?» እያሉ ነው። ገዝሙም አብሯቸው ተቀምጦ ይመልስ ነበር። «ፖም እንደ ድሮው አብዝተህ አትጭንም» አሉት ጋሽ ቡሽራ። «ይቅርብኝ» አላቸው።

የምንታምር ቀን ደረሰ። ከኋላ ሁለት ፍራሽ ተነጠፈ፤ እማማ ሻሽቱ አጠገቧ ተቀመጠች። ገዝሙ መሪውን ያዘ። በሕይወቱ እንዲህ ቀስ ብሎ ነድቶ አያውቅም፤ በእግር የሚሄዱ ሰዎች ሰላም እያሉት አለፉት። ጆሮው ከኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሴቶች ሲያወሩ ይሰማው ነበር። ከሁሉ የከፋው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ተቋረጠ። «ምንታምር?» ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። ዝም።

ፍሬኑን ቀስ ብሎ ያዘ፤ በሩን ሳይዘጋ እየሮጠ ወደ ኋላ መጣ።

እማማ ሻሽቱ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጠበቀችው። «እሽ! ምን ያስጮህሃል? ተኝታለች።»

«ተ… ምን?»

ምንታምር በእንቅልፍ የከበደ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ደረስን እንዴ?»

ገዝሙ የመኪናውን ጎን ተደግፎ ቆመ። ለሳምንት ተይዞ የነበረ ትንፋሽ ሁሉ ከደረቱ ወጣ። እንባውና ሳቁ አንድ ላይ መጣበት፤ አላፈረም። «ገና ነን የኔ እመቤት፣» አላት፤ «ተኚ። ምንም አንቸኩልም።»

በዚያ መንገድ ላይ ሰው ሲተኛ የመጀመሪያው ነበር። ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ መረመራትና «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለ። ጥቂት ቀን እዚያው ቆይታ ምንታምር ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ገዝሙ የሕፃኗን ለቅሶ በር ላይ ቆሞ ሲሰማ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ነፍሱ ያን ጊዜ ነው ወደ ቦታዋ የተመለሰችው።

ወዳጆቼ፣ ቤት የምናስተዳድር፣ ሠራተኛ የምንመራ፣ ተማሪ የምናስተምር ሁላችን አንድ አንድ መኪና ይዘናል። ከፊት ወንበር ላይ ሆነን ስናየው የጎደለን ሁሉ ጉልበትና ፍጥነት ይመስለናል፤ ለዚያም ያለንን ሁሉ እናወጣለን። ከኋላችን ያለው ሰው ግን እኛ የምንነዳበትን ድንጋይ በአጥንቱ እየቆጠረ ዝም ብሏል። ዝም ያለው ስለተመቸው ላይሆን ይችላል፤ ከእኛ ሌላ መሳፈሪያ ስለሌለው ይሆናል። የሚወዱትን ሰው ቶሎ ማድረስ ጥሩ ነው፤ ደህና አድርጎ ማድረስ ግን ይበልጣል። ይህን ደግሞ ማወቅ የሚቻለው ቁልፉን ለሌላ ሰጥቶ፣ ተሳፋሪው በሚቀመጥበት ቦታ በመቀመጥ ነው።

እናንተስ ከኋላችሁ ማንን ጭናችኋል? እሱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጣችሁት መቼ ነው?